የቃሊቲ ጢስ

ስለ አገራችን ኤሌክትሪክ በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣ አንድ ኩራት አለ፤ «ኃይላችን ንጹሕ ነው» የሚል። ኩራቱ መሠረት የለውም አልልም። ከአባ ሳሙኤል እስከ ቆቃ፣ ከቆቃም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከተመረቀው የዓባይ ግድብ ድረስ የኤሌክትሪካችን ታሪክ በዋነኛነት የውኃ ታሪክ ነው። ይሁንና ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ምዕራፍ አለ፤ የናፍጣው ምዕራፍ።

በ1995 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት የግድቦቹ ውኃ ሸሸ፤ መብራትም በፈረቃ ሆነ። መብራት ኃይል በ1990ዎቹ አጋማሽ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ 7 ኪሎና በቃሊቲ የናፍጣ ማመንጫዎችን የተከለው ለእንዲህ ያለው ክፉ ቀን መጠባበቂያ እንዲሆኑ ነበር። ከሦስቱ አነስተኛው የቃሊቲው ሲሆን አቅሙ 14 ሜጋዋት ነው።

የዚህን ትንሽ ማመንጫ ጢስ እስቲ እናስላው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨት ሩብ ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈልጋል። ሙሉ ቀንና ሌሊት በሙሉ አቅሙ ቢሠራ 84 ሺህ ሊትር ገደማ ያቃጥላል። አንድ ሊትር ናፍጣ ደግሞ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየር ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ የሚወጣው ጋዝ ከነዳጁ ራሱ ይከብዳል። እንግዲህ በአንድ ቀን ከ220 ቶን በላይ ማለት ነው። ናፍጣው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መሆኑም ሳይዘነጋ፣ ማመንጫው ሥራ ፈትቶ እንዲቆም መመኘት ተገቢ ይመስላል።

ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. የሆነውን የምናስታውስ ሌላ ነገር አይተናል። ውኃው እንደገና ጎደለ፤ ፈረቃውም ተመለሰ። በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር፣ በየሱቁና በየፀጉር ቤቱ ደጃፍ ትንንሽ ጄኔሬተሮች ተደረደሩ። ሻማ እንጂ ጄኔሬተር የመግዛት አቅም ያልነበረው ደግሞ በጨለማ ተቀመጠ። እንዲህ ያለች የቤንዚን ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ልትጠጣ ትችላለች፤ ይህም ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የቃሊቲው ማመንጫ ለዚያው መጠን የሚለቀው 700 ግራም እንኳ አይሞላም። ጢሱ አልጠፋም፤ ከቃሊቲ ወደ ደጃፋችን ተዛወረ እንጂ።

ከሁሉ የሚያስገርመው የሒሳቡ ነገር ነው። በዓለም አቀፉ የልቀት አቆጣጠር ባለሱቅ ለራሱ የሚያመነጨው ኃይል የሚመዘገበው በንግዱ ዘርፍ እንጂ በኤሌክትሪክ ዘርፍ አይደለም። ስለዚህ መብራት በጠፋ መጠን ኤሌክትሪካችን በመዝገብ ላይ እንደ ንጹሕ ይቀጥላል። ጨለማ ለንጽሕና ምስክር ሆኖ ሲቆም ዝም ማለት ይገባናልን?

ናፍጣ ይቃጠል ማለቴ አይደለም። መፍትሔው ሁሉን ተስፋ በዝናብ ላይ አለመጣል ነው። ነፋስ በርትቶ የሚነፍሰው ግድቦች በሚጎድሉበት በበጋ ነውና በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ ዓይነት የነፋስ ኃይል የውኃው ደጋፊ ሊሆን ይችላል። እስከዚያው ግን የማመንጫዎቻችንን ንጽሕና የሚነግረን ባለሥልጣን መብራት የጠፋበትን ሰዓትም አብሮ ይንገረን። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ብቻ ኩራታችን እውነተኛ ይሆናል።