የትርፍ አንጀት በሽታና የነጥብ ቆጠራው ታሪክ



ድንኳን መትከሉን፣ ንፍሮ መቀቀሉን ሁላችንም እናውቅበታለን። ነገር ግን ድንኳን ሳያስተክል ሊድን የሚችል በሽታ ሲኖር ስለ እርሱ ማወቁ ይበልጣል። ስለዚህ ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ትርፍ አንጀት፣ ይልቁንም ሐኪሞች የበሽታውን ምልክቶች በነጥብ እየቆጠሩ መለየት እንዴት እንደ ጀመሩ ያነበብሁትን አቅርቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትርፍ አንጀት የምንላት በሆዳችን ቀኝ በታችኛው በኩል፣ ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ ተንጠልጥላ የምትገኝ ቀጭን ከረጢት ናት። ቀዳዳዋ ሲደፈን ታብጣለች፤ ትመግላለች። ከቆየች ደግሞ ፈንድታ መግሉን ሆድ ዕቃ ውስጥ ትረጨዋለች። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ይህችን ከረጢት በቀዶ ጥገና በማውጣት የመጀመሪያው ተብለው የሚጠሩት ክላውዲየስ አምያንድ ናቸው። በ1735 በሎንዶን ሴንት ጆርጅ ሆስፒታል የ11 ዓመት ልጅ በቡአ ታሞ መጣላቸው። ቢከፍቱት ትርፍ አንጀቱ ወደ ቡአው ገብታ፣ የተዋጠ መርፌ ቁልፍ በስቷት ተገኘ። ቆርጠው አወጧት፤ ልጁም ዳነ። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን መሆኑን ልብ በሉ!

ሆኖም በሽታው ራሱን ችሎ እስኪታወቅ ከዚያ በኋላ 150 ዓመት ፈጀ። በ1886 ሬጂናልድ ፊትዝ የተባሉ የቦስተን ሐኪም የብዙ ሰዎች ሆድ እየመገለ የሚሞቱት ከዚህች ትንሽ ከረጢት በሚነሣ ጠንቅ መሆኑን አስረዱ። አፔንዲሳይትስ የሚለውንም ስም ሰጡት። ቶሎ ተለይቶ ቶሎ ይቆረጥ ብለው መከሩ። በ1889 ደግሞ የኒው ዮርኩ ቻርልስ ማክበርኒ ሕመሙ አጥብቆ የሚሰማበትን ቦታ አመለከቱ። ይኸውም ከቀኝ ዳሌ አጥንት ጫፍ ወደ እምብርት ሲሄዱ አንድ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው። ዛሬም ሐኪሙ በጣቱ የሚጫነው እዚያው ላይ ነው።

በሽታው ድኃና ንጉሥ አይለይም። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ሰኔ 26 ቀን 1902 ዘውድ ሊጭኑ ተዘጋጅተው ሳለ ይኸው ሕመም ጣላቸው። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ፍሬድሪክ ትሪቭስ ኦፕራሲዮን አድርገው መግሉን አወጡላቸው፤ ዘውዱም ወደ ነሐሴ 9 ተላለፈ። ዳግማዊ ምኒልክን ወክለው ለዚህ በዓል ወደ ሎንዶን የተላኩት ራስ መኮንን ነበሩ።

ታዲያ ከዚህ በኋላ ሐኪሞች በሁለት ፍርሃት መካከል ወደቁ። ቢዘገዩ ትፈነዳለች፤ ቢቸኩሉ ጤነኛዋን ይቆርጣሉ። ለብዙ ዘመን ከ100 ኦፕራሲዮን ውስጥ ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ከረጢቷ ጤነኛ ሆና ብትገኝ እንደ ጥፋት አይቆጠርም ነበር።

በ1972 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ደ ዶምባል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ድንገተኛ የሆድ ሕመም የያዛቸውን 304 ሰዎች ምልክት ለኮምፒዩተር ሰጡት። ኮምፒዩተሩ ከ100 ወደ 92 የሚጠጋውን ትክክል ሲያገኝ፣ ከሐኪሞቹ ከፍተኛው 80 ያህሉን አገኙ። ማሽኑ ሕመምተኛውን አልዳሰሰም፤ ሐኪሞቹ የሰበሰቡትን ምልክት አንዱንም ሳይዘነጋ ማመዛዘኑ ነው ብልጫው።

በ1986፣ ፊትዝ ስሙን ባወጡ በልክ በ100 ዓመቱ፣ አልፍሬዶ አልቫራዶ የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ ፊላዴልፊያ የ305 ሕመምተኞችን መዝገብ መርምረው፣ ያለ ኮምፒዩተር በእጅ የሚደመር የ10 ነጥብ ሠንጠረዥ አወጡ። ሕመሙ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ከዞረ 1፣ ምግብ ካስጠላ 1፣ ካቅለሸለሸ ወይም ካስመለሰ 1። ቀኝ ታችኛው ሆድ ሲነካ ካመመ 2፣ ተጭነው ድንገት ሲለቁት ካመመ 1፣ ትኩሳቱ 37.3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 1። በደም ምርመራ ነጭ የደም ሴል ከ10,000 ካለፈ 2፣ ከእነዚያም ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ድርሻቸው ከበዛ 1። ድምሩ 5 ወይም 6 ሲሆን በሽታው ሊሆን ይችላልና ሰውየው እየተጠበቀ ይታያል፤ 7 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ኦፕራሲዮን ያደላል።

እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስሁ ሰው ነኝና ድምር ሳይ ከየት እንደ መጣ ማጣራት ልማዴ ነው። ከ10ሩ ነጥብ 3ቱ የሚገኙት ከሕመምተኛው አፍ፣ 4ቱ ከሐኪሙ እጅና ከቴርሞሜትር፣ 3ቱ ከደም ነው። ሲቲ ስካን በየቦታው በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ነጥቡ ፍጹም አይደለም። በሽታው የለም ለማለት የሚረዳውን ያህል አለ ብሎ ለመፍረድ አይረዳም። በሴቶች የማኅፀንና የእንቁልጢ ሕመም ሊያሳስተው ይችላል፤ በሽማግሌዎች ደግሞ ምልክቱ ደክሞ ይታያል። ስለዚህ በ2008 ከስዊድን፣ በ2014 ከፊንላንድ ሌሎች የነጥብ አቆጣጠሮች ወጡ። በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የቀዶ ሐኪሞች መመሪያም ለአዋቂዎች ከአልቫራዶ ይልቅ እነዚህን ሁለቱን መርጧል። ዛሬ ደግሞ ሁሉም አይቆረጥም፤ ሕመሙ ካልተወሳሰበ ሐኪሙ በመድኃኒት ብቻ የሚያክመው ሰው አለ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚተርፈን ምንድን ነው? ነጥቡን መደመር የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ቤታችን ቁጭ ብለን «4 ነው፣ ምንም አይል» እንበል አላልሁም። የእኛ ድርሻ እነዚያ ከአፍ የሚገኙት 3 ነጥቦች ናቸው። ሕመሙ በስንት ሰዓት ጀመረ? መጀመሪያ እምብርት አካባቢ ነበር ወይ? ወደ ቀኝ የዞረው መቼ ነው? ምግብ አስጠላ፣ አስመለሰ? ይህን አስተካክሎ የሚናገር ሕመምተኛ ሐኪሙን ግማሽ መንገድ ይቀበለዋል። የታመመው መናገር ካቃተው አስታማሚው ይናገርለት።

«ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው» እያሉ ማሳደር፣ ሆድ ማሳሸት፣ ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣት ግን የታመመችውን ከረጢት ሊያፈነዳት ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሆዱን የቆረጠው ጎረቤት ሲኖር እድርተኛው ተጠራርቶ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ያድርሰው። ለቀብር የምንጠራራውን ያህል ለዚህም እንጠራራ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።