ገመዱን የሚስበው ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «የየት አገር ሥራ ነው?» መልሱ «የጃፓን» ከሆነ የገዢው ፊት ይፈታል። ሌላ አገር ከተጠራ ግን ጎንበስ ብሎ ብረቱን በጣቱ ማንኳኳት ይጀምራል። ዕቃ የሠሪውን ሕዝብ ጠባይ ይወርሳል ብለን እናምናለን። ጀርመን ጥንቁቅ ነው፣ ጃፓን ትጉህ ነው፣ ሩሲያ ብረት አይሰስትም፣ ጣሊያን ለውበት ይሞታል እንላለን። አባባሉ ለጨዋታ ደስ ይላል፤ ከኋላው ግን ከባድ ፍርድ ተደብቋል። ጥሩ አድርጎ መሥራት በደም የሚወረስ ከሆነ፣ ያልወረስነው ምን ልንሆን ነው? እስቲ ይህን እምነት ከታሪክ ጋር እናስተያየው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን፡ ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። በዚያ ዘመን ከሊቃውንቶቻችን ብዙዎቹ ጃፓንን በአጭር ጊዜ ራሷን ያዘመነች ምሥራቃዊት አገር አድርገው በተስፋ ያዩዋት ነበር። ይሁንና ኅሩይ ያዩዋት ጃፓን በመኪና ሥራ የታወቀች አልነበረችም። ቶዮታ ራሱን የቻለ የመኪና ኩባንያ ሆኖ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ቶዮፔት ክራውን የተባለችውን መኪናውን ይዞ አሜሪካ ሲገባ፣ መኪናዪቱ በሰፋፊዎቹ አውራ ጎዳናዎች ላይ ጉልበት አነሳት፣ ሞተሯም ይግል ጀመር፤ ብዙም ሳትቆይ ከገበያ ወጣች። ያን ጊዜ በምዕራቡ ዓለም «የጃፓን ሥራ» ማለት ርካሽና ቶሎ ተሰባሪ ማለት ነበር። ሕዝቡ ግን ያው ሕዝብ ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

መልሱ የሚጀምረው ከሸማኔ ቤት ነው። የአናጢ ልጅ የነበረው ሳኪቺ ቶዮዳ ዕድሜውን የሽመና መኪና ሲያሻሽል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1924 ያበቃው መኪና አንዲት ክር ስትበጠስ ሥራውን በራሱ ያቆም ነበር። ክር ተበጥሶ ሽመናው ከቀጠለ የተበላሸው ጨርቅ እየረዘመ ይሄዳል፤ የሳኪቺ መኪና ግን ስሕተቱን በተወለደበት ቦታ ያዘው። የመኪና ኩባንያውን የመሠረተው የሳኪቺ ልጅ ኪኢቺሮ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ታይኢቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ የአባትየውን አሳብ ወደ ፋብሪካው አስገባው። ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ከራሱ በላይ የተዘረጋውን ገመድ ስቦ የመገጣጠሚያውን መስመር ማስቆም ይችል ዘንድ ተፈቀደለት። እ.ኤ.አ. በ1950 ደግሞ አሜሪካዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ወደ ጃፓን ተጋብዞ፣ ጥራት በመጨረሻ ፍተሻ እንደማይገኝ፣ ከአሠራሩ ውስጥ መወለድ እንዳለበት አስተማረ። ጃፓኖች በሚቀጥለው ዓመት በስሙ ሽልማት አቆሙለት። ነቢይ በአገሩ አይከበርም እንዲሉ፣ የገዛ አገሩ ፋብሪካዎች ለሠላሳ ዓመት ያህል ጆሮ አልሰጡትም።

አንድ ንድፍ በሁለት አገር ሲሠራ ምን እንደሚሆን ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው በዓይኑ ያየው ነገር ነው። ለዐሥርተ ዓመታት ከተማችንን ያመላለሱት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች መሠረታቸው የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየት ኅብረትና ፊያት እ.ኤ.አ. በ1966 ተዋውለው፣ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በቶሊያቲ ስም በተጠራችው ከተማ ግዙፍ ፋብሪካ ተሠራ፤ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በ1970 ወጡ። መሐንዲሶቹ ከስምንት መቶ በላይ ለውጥ አድርገዋል። የአካሉን ብረት አወፈሩ፣ መኪናውን ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን ጭቃ በሚችል የታምቡር ፍሬን ተኩት። በዚህ ረገድ ላዳ ለመንገዷ ታስቦባት የተሠራች ናት። ነገር ግን ፋብሪካው የሚመዘነው በዕቅድ በተሰጠው ቁጥር ነበር፤ ገዢውም ለዓመታት ወረፋ ጠብቆ የደረሰውን ይወስዳል እንጂ አያማርጥም። ያልጠበቀ ብሎን፣ ያልገጠመ በር ይዛ የወጣችን መኪና የሚመልሳት ሰው አልነበረም። የቀረውን ሥራ የሚጨርሰው ባለቤቱ ነው። ላዳ በእኛ አገር ያን ያህል ዕድሜ ካገኘች፣ ከወፍራም ብረቷ ጋር የጋራዥ ባለሙያዎቻችንም እጅ መመስገን አለበት።

ንድፉ ሳይሆን ሰዎቹ አንድ ሲሆኑስ? ለዚህ የሚሆን ምስክር በካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት በምትባል ከተማ አለ። በዚያ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ በአሜሪካ ከነበሩት ሁሉ በመጥፎ ስሙ የታወቀ ነበር። ከአምስቱ ሠራተኛ አንዱ የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው፤ በሥራ ሰዓት መጠጣት የተለመደ ነው፤ አለቆቻቸውን ለመበቀል በመኪናው በር ውስጥ ባዶ ጠርሙስ የሚያስቀሩም ነበሩ። አንድ ሕግ ግን አይሻርም፤ መስመሩ አይቆምም። ሞተሩ በተሳሳተ ቦታ ቢገባም መኪናው ያልፋል፤ ኋላ በግቢው ውስጥ ይጠገናል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ።

እ.ኤ.አ. በ1984 ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ በሽርክና ከፈቱት። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው ሠራተኞች፣ ማኅበራቸውም ያው የቀድሞው የሠራተኞች ማኅበር ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ጃፓን ተልከው በታካኦካ ፋብሪካ ሥራ ተማሩ። በዚያ አንድ ሠራተኛ ገመዱን ሲስብ አለቃው የሚሮጠው ሊቆጣ ሳይሆን «ምን ልርዳ?» ሊል መሆኑን አዩ። ሲመለሱ ገመዱ በፍሪሞንትም ተዘረጋላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያ የሚወጡት መኪኖች ጃፓን ከሚሠሩት ጋር የሚተካከሉ ሆኑ፤ ቀሪውም ሠራተኛ እጅግ አነሰ። እ.ኤ.አ. በ1988 ገበያው ሲቀዘቅዝ ኩባንያው ማንንም አላሰናበተም፤ ትርፍ እጆችን ወደ ሥልጠና ላከ። ገመድ የሚስብ እጅ ነገ እንደማይባረር ማወቅ አለበትና።

ታሪኩ ግን ተረት አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ ያንኑ አሠራር በዚያው ክፍለ ሀገር ቫን ናይስ ወደሚገኘው ፋብሪካው ሊያስገባ ሲሞክር ሠራተኛውም አለቃውም አልተቀበለውም፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1992 ተዘጋ። ገመዱን መስቀል ቀላል ነው፤ አለቃው ስሕተቱን ሲነገረው እንዳይቆጣ ማድረግ ግን ዓመታት ይወስዳል። የፍሪሞንቱም ሽርክና ጄኔራል ሞተርስ ከከሰረ በኋላ ፈርሶ፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘጋ። ጃፓንም ብትሆን ከፈተናው አላመለጠችም። እ.ኤ.አ. በ2023 በቶዮታ ሥር ያለው ዳይሃትሱ የደኅንነት ፈተናዎችን ሲያጭበረብር መኖሩ ተገለጠ፤ ጉዳዩ 64 ዓይነት መኪኖችን ነክቷል። የመረመሩት ሰዎች ያገኙት ምክንያት በሠራተኛው ላይ የተጫነው የጠበበ ቀነ ገደብ ነበር። በገመዱ አገር ገመዱን የሚስብ ሰው ታጣ።

እንግዲህ መኪናን መኪና የሚያደርገው የሕዝብ ደም አይደለም። ስሕተትን አይቶ «ቁሙ» የሚል ሰው መገኘቱና፣ ይህን ስላለ የማይቀጣ መሆኑ ነው። ይህ ለእኛ ተስፋም ነው፣ ወቀሳም ነው። ተስፋ የሚሆነው የማይማሩት ነገር ስላልሆነ ነው። ወቀሳ የሚሆነው ግን ሳኪቺ የሸማኔውን ሥራ ሲያከብር በኖረበት ዘመን እኛ ሸማኔውን፣ አንጥረኛውንና ቆዳ ፋቂውን እየሰደብን ስለኖርን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገር እስኪያስፈልጋቸው ድረስ ልማዱ ሥር ሰዶ ነበር። የተናቀ እጅ ገመድ አይስብም፤ ቢስብም የሚሰማው የለም።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር። ለእህሉ ጎተራ፣ ለጎረቤትም ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል። በፋብሪካ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ንቃዙም የሚታየው ዘግይቶ፣ መኪናው ከነተሳፋሪው ቁልቁለት ላይ ሳለ ነው።