ራስጌ ክፈፍ

ራስጌ ክፈፍ ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበትን መስመር ተከትሎ ክፍሉን የሚዞር፣ ክፍተቱን የሚሸፍን ጌጠኛ ጠርዝ ነው፤ የእንግሊዝኛ ስሙ «ክራውን ሞልዲንግ» ነው። «ኮርኒስ» በአንዳንድ የአውሮፓ ቋንቋዎች የዚሁ ጠርዝ ስም ቢሆንም በአማርኛ የመላው የውስጥ ጣሪያ መጠሪያ ስለሆነ ለጠርዙ ሌላ ስም አስፈልጓል። ዞኮሎ የግድግዳውን ግርጌ ከያዘ ይህኛው ራስጌውን ይይዛል።

ክፈፉ የሚያስፈልገው መጋጠሚያ ሲኖር ነው። ለምሳሌ ሰቆጣ አጠገብ ያለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግድግዳውና ጣሪያው አንድ ዓለት ስለሆኑ የሚሸፈን መጋጠሚያ የለም። በተገነባ ቤት ግን መጋጠሚያው አይቀርም።

የክፈፉን መጠን በዋናነት የሚወስነው የኮርኒሱ ከፍታ ነው። በተለምዶ 2.40 ሜትር ከፍታ ላለው ክፍል ከ7 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ 3 ሜትር ለሆነው ከ12 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይመረጣል። ጠባብና ዝቅ ያለ ክፍል ላይ ትልቁን መለጠፍ ኮርኒሱን ይበልጥ ያወርደዋል፤ ሲያጠራጥር ትንሹ ይሻላል። ዞኮሎው ቀጭን ሆኖ ራስጌው ቢወፍር ደግሞ ክፍሉ ከላይ የከበደ ይመስላል።

ስፋት ሲባል የክፈፉ የራሱ ወርድ እንጂ ግድግዳው ላይ የሚወርደው ልክ አይደለም። ክፈፉ በግድግዳውና በኮርኒሱ መካከል አዘምሞ ስለሚገጠም፣ በ45 ዲግሪ ያዘመመ የ10 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ግድግዳው ላይ 7 ያህል ይወርዳል፣ ኮርኒሱ ላይም ያንኑ ያህል ይወጣል። በ38 ዲግሪ የተሠራው ወደ ግድግዳው ጠጋ ስለሚል 8 ያህል ወርዶ 6 ብቻ ይወጣል። ስለዚህ ከበርና ከመስኮት በላይ ያለው ቦታ ካጠረ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ኽምራ ደጋ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ መስመሩ ይወላገዳል፣ ማዕዘኑም ልክ 90 ዲግሪ አይሆንም። ከጂፕሰም የተሠራ ሰፊና የማይተጣጠፍ ክፈፍ እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ክፍተት ይተዋል፤ ጠባቡን ክፈፍ አስጠግቶ የቀረውን በስቱኮ መሙላት ይቀላል። የአቡጀዲ ኮርኒስ የጂፕሰም ክብደት አይችልም፤ ለእሱ አቡጀዲው ከተወጠረበት እንጨት (ሞራሌ) ጋር በሚስማር የሚያያዝ ቀጭን እንጨት ይበቃል። ክብ ቤት ደግሞ ቀጥ ያለ ክፈፍ አይቀበልም።

ርዝመቱ የክፍሉ ዙሪያ ነው። 4 በ5 ሜትር ለሆነ ክፍል 18 ሜትር ይሆናል፤ በማዕዘን ቆረጣ ለሚባክነውና በመንገድ ለሚሰበረው አንድ አሥረኛ ያህል ጨምሮ ወደ 20 ሜትር መግዛት ነው።