የሽሮ ሜዳዋ ታይፒስት

የማወጋችሁ ስለ አንዲት ጎረቤቴ ነው። ስሟን አትጠይቁኝ፤ “የቢሮ ወሬ እንዳታደርገኝ” ብላ አስጠንቅቃኛለች። ሰፈሩ ሁሉ “እቴቴ” ይላታል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ልበል። ቤቷ ሽሮ ሜዳ ነው፤ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፋችሁ፣ የጥበብ ቀሚስ የተሰቀለባቸውን ሱቆች አልፋችሁ፣ ዳገቱን ስትጀምሩት። እናቷ ጥጥ እየፈተለች ነው ያስተማረቻት።

በደርግ ጊዜ ነው፤ እቴቴ ኮሜርስ ገብታ የጽሕፈት ሙያ ተማረች፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም በታይፒስትነት ተቀጠረች። ዛሬ በስልካችሁ “ሀ” ብላችሁ ስትጽፉ የአማርኛ ታይፕ ምን ያህል ጣት ይሰብር እንደነበር አይገባችሁም። ፊደላችን ከ230 በላይ ነው፤ የጽሕፈት መኪናው ቁልፍ ደግሞ ሃምሳ እንኳ አይሞላም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ነገር ሊፈቱ ተነሥተው ፊደሉን ቆራረጡት፤ ግንዱ ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ። ኋላ የመጡትም መኪኖች ከዚህ ብልሃት ብዙ አልራቁም። “ሉ”ን ለመጻፍ መጀመሪያ “ለ”ን መምታት፣ ከዚያ ከጎኑ ቅጥያዋን መለጠፍ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ካርቦን አለ። ኦርጅናሉ፣ ግልባጩ፣ የግልባጩ ግልባጭ፤ አራተኛው ገጽ ላይ አንድ ፊደል ከሳተች ሁሉንም ቀዳ እንደገና።

እቴቴ ግን ዝም ብላ አልመታችም፤ እያነበበች ነው የመታችው። ማን ተዘዋወረ፣ የትኛው ጨረታ ተሰረዘ፣ የትኛው ደብዳቤ ስድስት ወር ያለ መልስ ተኛ፣ ሁሉም በጣቷ ያልፋል። አለቃዋ አንድ ቀን “ይህ ጉዳይ ከየት ነው የመጣው?” ብለው የክፍሉን ሰው ሁሉ ሲያፋጥጡ፣ ቁጥሩንና ቀኑን የነገረቻቸው ታይፒስቷ ናት።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። መጣ ስላችሁ ሥራ ጀመረ እንዳይመስላችሁ! በአለቃው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ለእንግዳ የሚታይ ጌጥ ሆነ። አቧራ እንዳይገባው ይጠረጋል እንጂ አይነካም። እቴቴ አለቃው ምሳ ሲወጡ ዳንቴሉን አጥፋ ጎን ታደርግና ትነካካለች፤ ሊገቡ ሲሉ መልሳ ታለብሰዋለች። ተይዛ ታውቃለች ወይ? አልነገረችኝም፤ ሳቀች ብቻ።

ችሎታዋ የታወቀው በፊደል ጣጣ ነው። እዚህ ቢሮ በአንድ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ፣ እዚያ ቢሮ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የቃለ አጋኖ ክምር ይሆናል። ሰው “ቫይረስ ነው” ይላል፤ እሷ የሁለቱ ማሽን ፎንት እንደማይተዋወቅ ደረሰችበት፤ በየዲስኬቱ ፎንቱን ይዛ መዞር ጀመረች። በ1992 መባቻ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፣ ለእያንዳንዱ ሆሄ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቁጥር ተሰጠው፤ ሆኖም የኛ ቢሮዎች የድሮውን ለመተው ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዛሬም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉትና እዩ።

እንግዲህ የኮምፒዩተር ሴትዮ ሆነች። “እቴቴ፣ ፕሪንተሩ እምቢ አለ”፤ “እቴቴ፣ ፋይሌ ጠፋብኝ”። ማታ በኤክስቴንሽን ዲፕሎማዋን ይዛለች፤ መደቧ ግን ያው ጸሐፊ ነው። የደረጃ ዕድገት ሲወጣ፣ እሷ ያስተማረችው ወንድ ልጅ አለፋት። ያን ጊዜ ነው ደብተር የገዛችው። ቀን፣ ማን ጠራት፣ ምን ተበላሸ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ይዛ ሰው ኃይል ገባችና “ይህ ሥራ የማን የሥራ መዘርዝር ላይ ነው የተጻፈው?” አለች። የማንም ላይ አልነበረም። በማግስቱ አላሳደጓትም፣ አልዋሻችሁም፤ ብዙ ተጉላላች። መደቡ ሲከፈት ግን ደብተሩን የሚክድ አልተገኘም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ ሲባል ክፍለ ከተማችን ጉለሌ ነገሩን ከቅርብ አየው። ፓስተር የምንለው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ ነው፤ አገር ሁሉ 8335 ይደውል ጀመር። የመንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ይዋል ተባለ። እቴቴ ሽሮ ሜዳ ተቀምጣ በስልክ አለቆቿን ዙም ታስከፍታለች። “አይ ጋሼ፣ ቀዩን አይደለም፤ ቀዩ መውጫው ነው!” ስትል በአጥር ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ እህቷ ልጅ ልውሰዳችሁ፤ ነገሬም እሷው ናት። ልጅቱ አራት ኪሎ ኮምፒዩተር ሳይንስ ጨርሳ አንድ መሥሪያ ቤት ገባችና ደብዳቤ መከታተያ ሲስተም ሠራች። ማንም አይጠቀምበትም። እቴቴ ዘንድ መጥታ አለቀሰች፤ “ኋላ ቀሮች ናቸው” አለች። የምታደንቀው የኮምፒዩተር ባለሙያዋን ቤተልሔም ደሴን ነው፤ የሐረሯን ልጅ።

“ቤተልሔም’ኮ” አለቻት እቴቴ፣ “በዘጠኝ ዓመቷ የልደት ገንዘብ አጥታ ነው በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ቪዲዮ ስታቀናብር፣ ስልክ ላይ ዘፈን ስትጭን የጀመረችው። መጀመሪያ ሰው ፊት ቆማለች። አንቺ ማን ፊት ቆምሽ? መዝገብ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ?”

አታውቅም። “እንግዲያው ሳምንቱን እዚያ ተቀመጪ። ምንም አታስተምሪ፤ ቁጥር ስጪ፣ ፋይል አውጪ።”

ልጅቱ እያጉረመረመች ሄደች። እዚያ ያየችው ምንድን ነው? ደብዳቤው በሰው እጅ ይመጣል። የመዝገብ ቤቷ እናት በገቢ መዝገብ ላይ ቀን፣ ቁጥር፣ ከማን፣ ጉዳዩ፣ ለማን እንደተመራ ይጽፋሉ፤ አለቀ። ኃላፊው ደግሞ ትእዛዙን በእስክሪብቶ ሕዳጉ ላይ ነው የሚጭረው፤ “አይተው ያቅርቡልኝ” ብሎ። የልጅቱ ሲስተም ግን ገና ሲከፈት የኃላፊውን አስተያየት ካልሞላችሁ አላሳልፍም ይላል፤ ደብዳቤው ገና ኃላፊው ጋ ሳይደርስ! ማን ይሙላው? የመዝገብ ቤቷ እናት መጀመሪያ ቀን ሞክረው ነው የተዉት፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ልጅቱ ትርፍ መሙያ ሣጥኖቹን አራግፋ የመዝገቡን ዓምዶች ብቻ አስቀረች። ከዚያ ወዲህ መሙላት የጀመሩት እኒያው እናት ናቸው፤ ሌላው ተከተላቸው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከእቴቴ ጋር አልስማማም። ልጅቱ ለውጭ ድርጅት ከቤቷ ሆና የምትሠራው ሥራ ተገኘላት። እቴቴ ደነገጠች። “የሥራ ልምድ ማን ይጽፍልሻል? ማኅተሙስ?” እኔ ደግሞ ጊዜው ተለውጧል ባይ ነኝ፤ ልጅቱ ትሂድ። ይሁንና እቴቴ ጭፍን እምቢተኛ አይደለችም፤ ወረቀት አውጥታ ማስላት ጀመረች። የግል ድርጅት ጡረታ ከ2003 ጀምሮ በአዋጅ አለ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። “ያ የውጭ ሰው 11ዷን አይከፍልልሽም። ስለዚህ ከደመወዝሽ ላይ ደምረሽ ጠይቂው፤ የኢንተርኔቱንና የመብራት መጥፋቱንም አትርሺ።”

ልጅቱ ዋጋዋን ከፍ አድርጋ ላከች። ይህን እስክነግራችሁ ድረስ መልስ አልመጣም፤ እቴቴ ግን እምቢ ካሉ የሚላከውን ሁለተኛውን ደብዳቤ አርቅቃ ጨርሳለች፤ ግልባጭ ለማን እንደሚሆን ብቻ ነው የቸገራት።