የገጠሩ ሕዝብና የመንግሥት ሕክምና

በ1953 እ.ኤ.አ. ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ወረዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች ጥቂት ከመሆናቸውም በላይ አብዛኞቹ የሚሠሩት በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነበር። የደምቢያ ገበሬ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ የስንት ቀን መንገድ ተጉዞ ሐኪም ቤት ይድረስ?

የመንግሥት ሕክምና ለዜጋ ሁሉ ይዳረስ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ሆስፒታል ነው። ይሁን እንጂ ሆስፒታል በሽተኛውን ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ሄዶ አይፈልገውም። ከወረርሽኙ በኋላ በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የተነሣው ከዚህ ችግር ነው። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር፤ እነርሱም የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ናቸው። ተማሪዎቹ በአካባቢው ወረዳዎች እየተዘዋወሩ ሥራውን በተግባር ይማሩ ነበር። ከተመረቁም በኋላ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ። አንዱ ጤና ጣቢያ 50,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ከሦስቱ ውስጥ ክብር የጎደለው ሳኒታሪያኑ ይመስለኛል። መርፌ የወጋውን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ምንጭ ያስጠረገውንና የመጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፈረውን ግን ማን ያመሰግነዋል?

ቡድኖቹ ከአገሩ ስፋት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ነበሩ። በ1958 ወባ እንደገና በተነሣች ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል።

በ1978 የዓለም መንግሥታት በአልማ አታ ተሰብስበው የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ለሁሉ እንዲዳረስ ተስማሙ። የሚያስገርመው፣ በዚያው ዓመት የጎንደሩ ኮሌጅ በላይፕሲግ ከሚገኘው ከካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ወደ ሐኪም ማሠልጠኛነት ተለወጠ። የጤና መኮንኖች ሥልጠናም በእነዚያው ዓመታት ተቋርጦ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ቆየ። ሐኪም አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ዓለም ወደዚያ መንገድ ሲገባ እኛ ከመንገዱ መውጣታችን ግን ያስቆጫል። በ1980ዎቹ በገበሬ ማኅበራት የተመረጡ የጤና ወኪሎች አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸው ነበር። ነገር ግን ከመንግሥት ደመወዝ ስለማይከፈላቸው አብዛኞቹ ሥራውን ተዉት። ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው በነጻ እስከ መቼ ይሠራል?

ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ጉድለት አርሟል። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመርጠው አንድ ዓመት ከሠለጠኑ በኋላ፣ ለ5,000 ያህል ሕዝብ ሁለት ሁለት ሆነው በመንግሥት ደመወዝ ተመደቡ። ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። በመጀመሪያ ሥራቸው በአብዛኛው ማስተማርና መከላከል ነበር። በሳንባ ምች ለታመመ ሕፃን መድኃኒት እንዲሰጡ የተፈቀደላቸው ከዓመታት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የምታጣጥር እናት ልጇን ይዛ ብትመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ ከማለት በቀር ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር?

እነዚህ ሴቶች ከእኛው ትምህርት ቤቶች የወጡ ናቸው። በየደጁ ቆመው ስለ አጎበርና ስለ ረጋ ውሃ ሲያስረዱ፣ የወባ ትንኝን ነገር መጀመሪያ የሰሙት ከሳይንስ መምህራቸው ሳይሆን አይቀርም።