ሁለት ሺህ የራስ ቅል የመረመሩት ሐኪምና የእኛ ወጌሻ

ግራና ላይ አንድ ልጅ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ቢሰበር መጀመሪያ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ወጌሻ ነው። ወጌሻው አሽቶ፣ አጥንቱን ገጥሞ፣ በቀርከሃ ስንጥር ያስረዋል። ብዙው ይድናል። አንዳንዱ ግን ጣቶቹ ጠቁረው ዘግይቶ ሆስፒታል ይደርሳል፤ ያኔ የሚቀረው ምርጫ መቁረጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ወንድሜ፣ እህቴ! ይህ ሙያ ረጅም ታሪክ አለው። ከታሪኩም ዛሬ የሚጠቅመን ነገር አለ።

በ1013 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ያረፉት የአንደሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» የተባለ ባለ 30 ክፍል የሕክምና መጽሐፍ ጽፈዋል። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ስብራትና ውልቃት፣ የአከርካሪ አጥንትም ጭምር፣ በሰፊው ተጽፎበታል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ሐኪሞች ለዘመናት ተምረውበታል።

ከእሳቸው ሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ597 ሂጅሪያ፣ ዓባይ ሳይሞላ ቀረ። የዓባይ ሙላት የሚሄደው ከእኛው ደጋ ዝናብ ነው፤ ከላስታ ተራሮች የሚነሳው ተከዜም አለበት። ግብፅ ላይ ከባድ ረሃብ ገባ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በ1162 በባግዳድ የተወለዱት ሐኪም ዐብዱለጢፍ አል-በግዳዲ ያን ጊዜ እዚያው ነበሩ። ካይሮ አጠገብ አል-መቅስ በተባለ ስፍራ የሟቾች አፅም ተከምሮ ነበርና ሄደው መረመሩት።

የግሪኩ ሊቅ ጋሊን የታችኛው መንጋጋ አገጭ ላይ የተጋጠሙ ሁለት አጥንቶች ናቸው ብሎ ነበር። ለሺህ ዓመት ገደማ ሐኪሞች ይህንኑ ተቀባበሉ። አል-በግዳዲ ከሁለት ሺህ በላይ የራስ ቅል አዩ፤ መንጋጋው አንድ አጥንት ሆኖ አገኙት። የጋሊንን ታላቅነት ሳይክዱ፣ በዓይን የታየ ከተባለው እንደሚበልጥ ጻፉ።

ዛሬ ደግሞ በማይክሮስኮፕ የታየ ሌላ ነገር አለ። አጥንት ሕይወት አለው። ውስጡ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት አሉ፤ ስብራትን የሚጠግኑት እነሱ ናቸው። ለዚህም ደም ያስፈልጋቸዋል። የተሰበረ ቦታ ያብጣል። ማሰሪያው ከጠበቀ እብጠቱ መሄጃ አጥቶ የደም ሥሩን ያንቃል። ጡንቻ ደግሞ ደም ካጣ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ይጀምራል።

ስለዚህ ይህን ለቤተሰቦቻችሁ ንገሩ፦ የታሰረ ሰው ጣቱ ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከባሰበት ማሰሪያው ወዲያው ይላላ፤ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ከወጣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ጀርባው የተመታ ሰው አይታሽ፣ አይጎተት፤ በሳንቃ ላይ ተንጋልሎ ይወሰድ።

አል-በግዳዲ ጋሊንን አክብረው መንጋጋውን በዓይናቸው አዩ። እኛም ወጌሻችንን አክብረን የታሰረውን ልጅ ጣት እንይ።