የጂን ዝምታ

«የጂን ዝምታ» ማለት አንድ ጂን ሳይጠፋም ሆነ ሳይለወጥ ሥራውን እንዲያቆም መደረጉ ነው። አንዱ ዋና መንገድ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል በዲኤንኤው ላይ መለጠፉ ነው፤ ያን ጊዜ የጂኑ መልእክት ሳይነበብ ይቀራል። ይህን የሚያጠናው መስክ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል።

በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ንብ የሚያነብ ገበሬ ውጤቱን በየቀፎው ያየዋል። ንግሥቲቱ፣ ገበሬው አውራ የሚላት፣ ከሠራተኛዋ ጋር ከአንድ ዓይነት እንቁላል ትፈለፈላለች። የሚለያቸው በእጭነት የሚቀርብላቸው ምግብ ነው። እስከ መጨረሻው የንግሥት ምግብ የበላችው በ16 ቀን ገደማ አውራ ሆና ትወጣለች፤ ከሦስተኛው ቀን ወዲያ ማርና የአበባ ብናኝ የተጨመረላት በ21 ቀን ሠራተኛ ትሆናለች። ልዩነቱ ከጂን ዝምታ ጋር መያያዙም በሙከራ ታይቷል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሜቲል የሚለጥፈውን ኢንዛይም በእጮች ውስጥ ሲቀንሱ፣ አብዛኞቹ የአውራ ዓይነት የእንቁላል ማምረቻ ይዘው አደጉ።

በሰውም የጉበትና የዓይን ሴል የያዙት ጂን አንድ ነው፤ የሚለያቸው የትኛው ዝም ማለቱ ነው። ዝምታው ቦታውን ሲስት ግን በሽታ ይመጣል። ዕጢን የሚገታ ጂን ሲዘጋ ካንሰር መንገድ ያገኛል፤ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕመምተኞች ዕጢ ውስጥ ብራካ 1 የተባለው ጂን ሳይበላሽ ተዘግቶ ይገኛል። ዝም ያለ ጂን ግን ሊቀሰቀስ ይችላል፤ አዛሲቲዲን የተባለው መድኃኒት ሜቲልን እየቀነሰ በአንዳንድ የደም ካንሰሮች ሕክምና ያገለግላል።

ስለዚህ «በዘር ያለ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለን እጃችንን አንስጥ፤ ዘር ብቻውን ፍርድ አይደለም።